ከአልጋዬ ቀጥሎ የነበረው ልጅ ሊወጣ ነው፤ ምን ላድርግለት?

ጥልፍ ሠሪው፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እዚህ የምመጣው ለማንበብ ነበር፤ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ጥልፍ እሠራለሁ። ዕድሜዬ 34 ነው። ከአእምሮ ሆስፒታል ከወጣሁ አምስት ሳምንት ሆነኝ። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ይቅር። ሰባት ሳምንት ተኝቻለሁ። ስተኛ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ጊዜ በሦስተኛው ወር «በቃ ድኛለሁ» ብዬ መድኃኒቱን ተውኩት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያያችሁት ታውቁታላችሁ።

ጥያቄዬ ግን ስለ ራሴ አይደለም። ዋርድ ውስጥ ከእኔ አልጋ ቀጥሎ አንድ ልጅ ነበር። 21 ዓመቱ ነው፤ ከክፍለ ሀገር ለትምህርት የመጣ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለው ቀስ ብሎ ይጠራኛል። «ጋሼ፣ ተኙ?» ይለኛል። «አልተኛሁም» እለዋለሁ፤ ተኝቼ የነበረ ቢሆንም። ከዚያ ዝም ይላል። ሌላ ወሬ የለም። ሰው መኖሩን ማወቅ ብቻ ነበር የሚፈልገው። በአንድ ሌሊት አራት ጊዜ የጠራኝ ቀን አለ።

የወጣሁ ዕለት «እኔም ስወጣ ልደውልልዎት?» አለኝ። ቁጥሬን በመድኃኒት ካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፌ ሰጠሁት። ትናንት በአጎቱ ስልክ ደወለ። ሐሙስ ይወጣል። የሚያርፈው አጎቱ ቤት ነው፤ አጎቱ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ናቸው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፈራሁ። እኔ ራሴ ገና ነኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ለማስገባት የጎረቤት ሱቅ ልጅ እለምናለሁ፤ በ15 ዓመት ሥራዬ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ሰፈር ውስጥ «የት ጠፍተህ ነው?» ሲሉኝ «ክፍለ ሀገር ሥራ አግኝቼ ነበር» እላለሁ። የሚያውቁት ግን ያውቃሉ። አንዷ ጎረቤቴ ልጇ ወደ እኔ ሲሮጥ በክንዱ ስባ ስትመልሰው አይቻለሁ። ልጁ ከረሜላ የለመደ ነው፤ ምን አጠፋ?

እንዲህ ያለ ሰው ለሌላ ሰው ምን ይሆናል? ዕውር ዕውርን ቢመራ እንደሚባለው እንዳይሆንብኝ ሰጋሁ። ስወጣ አንዲት ነርስ «የአቻ ለአቻ ድጋፍ» የሚባል ነገር እንዳለ ነግራኝ ነበር። ምን እንደሚደረግበት ግን አላውቅም። ምን ላድርግለት? ምንስ ባላደርግ ይሻላል? ወይስ ስልኩን ባላነሳው?


ጥቁር ቡና፦

ስልኩን አንሳ ወንድሜ። እኔ የወጣሁ ጊዜ ስልኬ ላይ 214 ቁጥር ነበር። በመጀመሪያው ወር ያስታወሰኝ ቴሌ ብቻ ነው፤ እሱም በሜሴጅ።


የቅዳሜ ጀበና፦

ወንድሜ፣ ስለምረዝም ይቅርታ። አዳማ ነኝ። ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። አሁን ዘጠኝ ሰዎች ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ በአንዷ ቤት ቡና እንጠጣለን። ሁላችንም ተኝተን የታከምን ነን። ስም የለንም፣ ማኅተም የለንም። ጎረቤቱ የፅዋ ማኅበር ይመስለዋል፤ እኛም አላረምነውም።

«ገና ነኝ» ያልከው ልክ ነው። አምስት ሳምንት ገና ነው። ግን ልጁ አንተን የጠየቀህ ድኗል ብሎ መሰለህ? አጎቱ አሉለት፣ ሐኪም አለው። እነሱ የማይችሉት አንድ ነገር አለ። «ጋሼ፣ ተኙ?» ሲልህ «አልተኛሁም» ያልከው ያ ነው። እሱን ነው አሁን በቀን የምትደግመው። ከዚያ አልፈህ አስታማሚ ልሁን፣ ሐኪም ልሁን ስትል ነው ሁለታችሁም የምትወድቁት።

እኔ ይህን ያየሁት ከእናቴ ነው። እናቴ ኤችአይቪ በደሟ የተገኘ ጊዜ አክስቶቼ ኩባያዋን ለይተው ነበር። ሐኪሙም ቄሱም መጥተው መከሯት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሰማቻቸው። አንድ ቀን ከተስፋ ጎህ፣ ቫይረሱ በደማቸው ካለ ሰዎች ማኅበር፣ ሁለት ሴቶች መጡ። አንደኛዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «እኔም አለብኝ» አለቻት። እናቴ ዞራ አየቻት። ያን ቀን ምሳ በላች። በዚያ ዘመን መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉት ማኅበራት የሠሩትን ሥራ በእኛ በሽታ የሚሠራ ሰው ብዙ አላየሁም። የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎች ማኅበር የሚባል አለ፤ አዲስ አበባ ስለሆንክ ጠይቅ። እስከዚያው ግን ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ ልጁ ማኅበር አይጠብቅም።

ያጠፋነውን ልንገርህ፤ የተማርነው ከዚያ ስለሆነ።

አንዱ ኪኒን አለቀበትና ሌላዋ ከራሷ ሰጠችው። «ያው ቢጫ ኪኒን አይደል» ተባብለው። መጠኑ ለየቅል ነበር። ሰውየው ሁለት ቀን ሙሉ ተኛ፤ ሚስቱ ሞቶ እንዳይሆን በየሰዓቱ ትንፋሹን ስታዳምጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኪኒን አንዋዋስም። ስኳር እንዋዋሳለን።

ሌላ ጊዜ አንዱ ሲያገረሽበት ደንግጠን ሰባት ሰዎች አንድ ላይ ቤቱ ሄድን። አከራዩ ግርግሩን አይተው «ምንድን ነው ጉዱ?» አሉና በወሩ ቤት አስለቀቁት። አሁን የሚሄደው አንድ ሰው ነው፤ እሱም አስቀድሞ ደውሎ።

ሦስተኛውን ስጽፈው እስካሁን ያሳፍረኛል፤ ጥፋተኛዋ እኔ ነበርኩ። አንዱን አባላችንን መንገድ ላይ አግኝቼ «ቅዳሜ ቀረህብን!» አልኩት። አጠገቡ የቆመችው እጮኛው ነበረች። ለእሷ አልነገራትም ነበር። ተለያዩ አልልህም፤ ተጋቡ። ግን ያን ቀን የነበረውን ፊቱን አልረሳውም። አሁን ውጭ ስንገናኝ ሰላምታ መስጠት የሚፈልገው ይጀምራል እንጂ ቀድሞ የሚጠራ የለም። ከልጁ ጋር ይህን መጀመሪያውኑ ተነጋገሩ፤ ሰው ቢጠይቃችሁ ከየት እንደተዋወቃችሁ አንድ ዓይነት ነገር በሉ።

አሁን ወደ ሐሙስ። ሐሙስ እንኳ አትሂድ፤ የቤተሰብ ቀን ነው። ቅዳሜ ወይም እሑድ ይሁን። ካፌ አትውሰደው። ከዋርድ የወጣ ሰው ካፌ ጫጫታ ውስጥ ፊት ለፊት ሲቀመጥ የሚገባበት ይጠፋዋል። አብራችሁ ተራመዱ። ጎን ለጎን ሲሄዱ ሰው ያወራል፤ ባያወራም አያስጨንቅም። የሆነ ጉዳይ ይኑራችሁ፤ ክር መግዛትም ቢሆን። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ስትለያዩ ደግሞ የሚቀጥለውን ቀን በቀኑና በሰዓቱ ንገረው። «እንደዋወላለን» አትበል። «እንደዋወላለን» ማለት በአማርኛ ቻው ማለት ነው።

ስለ መድኃኒት ደግሞ «ዋጥክ?» እያልክ አትጠይቀው። ያን ጥያቄ ከአጎቱም፣ ከእናቱም፣ ከሐኪሙም ሲሰማ ነው የሚውለው። አንተ ያንተን ንገረው። በሦስተኛው ወር ትቼው እንዲህ ሆንኩ ካልከው ከመቶ ምክር ይበልጣል። ሐኪም የማይነግረውን ጥቃቅኑንም ንገረው። ፋርማሲው «አልቋል» ሊል ስለሚችል የመጨረሻዋ ኪኒን ሳትደርስ፣ የሳምንት ሲቀረው ይሂድ። ሃሎፔሪዶል የሚወስድ ከሆነ መቀመጥ ሊያቅተው፣ እግሩ አላርፍ ሊለው ይችላል። ያኔ ሰው በሽታው የተመለሰበት ይመስለዋል። መድኃኒቱም ሊሆን ስለሚችል ሄዶ ይናገር። ክሎርፕሮማዚን ከሆነ ፀሐይ ቶሎ ቆዳ ያቃጥላል፤ እኔ የመጀመሪያውን ክረምት ወጥቼ መስከረም ላይ ግንባሬ ተላጠ። ኮፍያ ያድርግ።

ያንተም እጅ ቀጠሮህን አይጠብቅ፤ ሄደህ ንገራቸው። ለመንቀጥቀጡና ለመገተሩ አርቴን የሚባል አለ፣ መጠን መቀነስም አለ። የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ እኔ አይደለሁም። ግን «ይሁን፣ ይለፈኝ» ብለህ ጥልፍህን አትተው።

«ክፍለ ሀገር ነበርኩ» የምትለዋን ደግሞ አስብባት። ውሸት ስለሆነች አይደለም፤ ቀለብ ስለምትፈልግ ነው። ነገ «ታዲያ ማር አላመጣህልንም?» ይሉሃል። እኔ «ታምሜ ነበር፤ ተሽሎኛል» እላለሁ። ሁለት ዓረፍተ ነገር። ከዚያ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እጠይቃለሁ። እስካሁን የሽንኩርትን ነገር ትቶ ወደ በሽታዬ የተመለሰ ሰው አላጋጠመኝም።


የታናሽ እህት፦

እኔ የምጽፈው ከአስታማሚ ወገን ነው። አትቀየሙኝ። ወንድሜን እንደገና የጣለው ዋርድ ውስጥ የተዋወቀው ጓደኛው ነው። ሁለቱም በወጡ በወሩ ተገናኙ። መጀመሪያ ሻይ ነበር። ከዚያ ጫት ሆነ። ጫቱ እንቅልፍ ነሳቸው፣ እንቅልፍ ሲያጡ መድኃኒቱን «ያደነዝዘናል» ብለው አብረው ተዉት። በ11 ቀን ልዩነት ሁለቱም ተመልሰው ገቡ። እናቴ እስከ ዛሬ የዚያን ልጅ ስም አትጠራም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ክፉ ነህ ማለቴ አይደለም። ግን አጎቱን ሳታውቃቸው ልጁን ባታገኘው ደስ ይለኝ ነበር። እኛ ቤት ያ ልጅ መጥቶ «እንዲህና እንዲህ ነኝ» ቢል ኖሮ ቡና እናፈላለት ነበር። ተደብቀው ነው የተበላሸው።


የቅዳሜ ጀበና፦

እህቴ ልክ ነሽ፤ ይህን መጻፍ ነበረብኝ። እኛም ጋ በጫት የወጣ አንድ ሰው አለ። ጫት ያለበት ቦታ አንገናኝም፤ ይህች ድርድር የላትም። አጎቱን ይወቃቸው ያልሽውንም ተቀብያለሁ። በሩ ላይ ቆሞ ስሙን ቢናገር ይበቃል።


የሌሊት ተረኛ፦

የሳይካትሪ ነርስ ነኝ። ጀበናዋ ያለችውን ብዙ አልደግምም። የአቻ ለአቻ ነገር የወሬ ብቻ እንዳይመስልህ አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝ አገር 441 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እንደ ፈረንጆቹ በ2018 ታትሟል። ለግማሾቹ ራሱ ታሞ የሚያውቅ፣ የሠለጠነ ሰው ተመደበላቸው፤ እስከ 10 ጊዜ እየተገናኙ በአንድ ደብተር ላይ ይሠሩ ነበር። ሲያመኝ መጀመሪያ የሚታየው ምልክት ምንድን ነው፣ ያኔ ለማን እደውላለሁ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር። ለሌሎቹ ደብተሩ ብቻ በፖስታ ተላከላቸው። በዓመቱ ሰው ከተመደበላቸው መካከል በከባድ ሁኔታ ተመልሰው ወደ ሕክምና የገቡት ከመቶ 29፣ ደብተር ብቻ ካገኙት ደግሞ ከመቶ 38 ነበሩ። ተአምር አይደለም። ግን እኔ ተረኛ ሆኜ በር የምከፍትላቸውን ሰዎች ሳስብ ዘጠኝ ሰው ብዙ ነው።

እኛም አገር በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው ለዓመት ያህል ቤታቸው እየሄዱ የደገፉበት ሥራ ነበር። አቻ አይደሉም፣ ግን ሐኪምም አልነበሩም። ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ሲሆን ለውጥ አምጥቷል።

አሁን ከባዱን ልናገር። ከሆስፒታል በወጡ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ራስን የማጥፋት አደጋ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይበልጣል። ልጁ «ምነው ባልነቃሁ» ዓይነት ነገር ካለ አታልፈው። በቀጥታ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብለህ ጠይቀው። ስለጠየቅከው ሐሳቡ አይመጣበትም፤ ብዙ ጊዜ ሲጠየቅ ያርፋል። አዎ ካለህ ብቻውን አትተወው፣ ለአጎቱ ደውል፣ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ኪኒኑንም ሌላ ሰው ይያዝ። «ለማንም አልናገርም» ብለህ ግን ቃል አትግባለት። ሌላውን ምስጢር ጠብቅ፤ ይህን አትጠብቅ።

አንተም እንቅልፍህ ሁለት ሌሊት ከተዛባ ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ ራስህ ና።


ጥልፍ ሠሪው፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። የልጁ እናት ከገጠር መጥተው እንጦጦ ማርያም ጠበል ሊያስገቡት ነው አሉ። ሰፈሬ ስለሆነ «አንተም ታውቀዋለህ» ብለውኛል። መድኃኒቱን ያስተዉታል ብዬ ሰጋሁ። ምን ልበላቸው?


የቅዳሜ ጀበና፦

ከእናት ጋር ስለ ጠበል አትከራከር፤ ትሸነፋለህ፣ ልጁንም ታጣዋለህ። ጠበሉ ይቅር አትበል፤ መድኃኒቱ አይቅር በል። በኤችአይቪ ጊዜ ይኸው ጥያቄ መጥቶ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው ነበር። እናቴ ከሞት የተረፈችው ያኔ ነው፤ ያን ቃል እስክትሰማ ኪኒኗን ትራስ ሥር ነበር የምትደብቀው። የልጁን ነፍስ አባት ካገኘሃቸው እሳቸው ይንገሯቸው። አንተ ስትናገር ምክር ነው፤ እሳቸው ሲናገሩ ቃለ እግዚአብሔር ነው።


ከቤርሼባ፦

እስራኤል ነው የምኖረው። እዚህ እንደ ፈረንጆቹ በ2000 የወጣ ሕግ አለ። በአእምሮ ሕመም የተጎዳ ሰው ከሆስፒታል ውጭ በቤት፣ በሥራ፣ በትምህርት እንዲደገፍ ያዛል። ድጋፉን «ሳል ሺኩም» ይሉታል። ታሞ የዳነ ሰው ተቀጥሮ፣ ደመወዝ ተከፍሎት ሌላውን የሚደግፍበት ሥራም አለ። ቤርሼባ ደግሞ ከካምፓላው ቡታቢካ ሆስፒታልና ከሌሎች አገሮች ጋር በአንድ የአቻ ድጋፍ ፕሮጀክት ውስጥ ነበረች። ስለዚህ ነገሩ የሀብታም አገር ብቻ አይደለም።

ግን ሕግ ሁሉን አያደርግም። እናቴ ስትታመም «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አለች። አስተርጓሚው ሆዷን አመማት ብሎ ተረጎመው፤ የጨጓራ መድኃኒት ይዛ ተመለሰች። ከወራት በኋላ አንዲት ራሷ ታማ የነበረች የእኛው ሰው መጣች። እናቴ ያንኑ ደገመችላት። ሴትዮዋ «ማታ ነው ወይስ ጠዋት የሚብስብሽ?» አለቻት። እናቴ አለቀሰች፤ ከዚያ ማውራት ጀመረች። አንተና ልጁ አስተርጓሚ አያስፈልጋችሁም።


ጥልፍ ሠሪው፦

ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሐሙስ አልሄድኩም። ዓርብ ማታ ወደ አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። አነሳሁት። «ጋሼ፣ ተኙ?» አለኝ። «አልተኛሁም» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ነው።

እሑድ አጎቱ በር ላይ ሄጄ ስሜን ነገርኳቸው። «አብረን ተኝተን ታክመናል» አልኩ። እንዲህ ብዬ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። አጎቱ ትንሽ ዝም አሉና «ግባ፣ ምሳ አልበላህም መቼም» አሉኝ። እናቱም ነበሩ። ስለ ጠበል አላነሳሁም። እሳቸው ራሳቸው አነሱት፤ ለነፍስ አባቱ ደውዬ እጠይቃለሁ አሉ። ምን እንደሚባል እንጃ።

ከምሳ በኋላ ክር ልንገዛ ወጣን። ቀይ፣ አረንጓዴና ወርቅማ። ልጁ ብዙ አላወራም። በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ «እዚያ ያለቅስ የነበረው ሽማግሌ ወጡ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ሱቅ ስንደርስ መርፌ አውጥቼ ክሩን ልሞክር ስል እጄ እምቢ አለ። ልጁ ተቀብሎኝ በአንድ ጊዜ አስገባው። የእሱ እጅ አይንቀጠቀጥም። እኔ ግን ለሐኪሙ እነግራለሁ፤ ማክሰኞ ልሄድ ነው።

የሚወስደው ክሎርፕሮማዚን ነው። ማታ ከቁራጭ ሸማ ኮፍያ ሰፋሁለት፤ ዙሪያዋን ትንሽ ጥልፍ አድርጌ። ሰኞ ሰጥቼው ለካት። ሰፋችው፤ ጆሮው ላይ ትወርዳለች። «ላጥብብልህ?» አልኩት። «ቅዳሜ ይዣት ልምጣ?» አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ተባብለናል።